በወር አንድ ቀብር

ማሎሜ ሌትሾሎ ነገሩን የሚያወሩት እንዲህ ነው። እህታቸውን ልቧን የያዛት ዕለት ፒክአፑ ግቢ ውስጥ ቆሞ ነበር። ቁልፉን ቢያዞሩት፣ ቢያዞሩት አልነሳ አለ፤ ባትሪው ሞቷል። ጎረቤት ጠርተው ቢያስገፉት አሸዋው ጎማውን ውጦ አላላውስ አለ። ከሩቅ የተጠራው አምቡላንስ ሲደርስ እህታቸው አልፋለች። ይህንን በቀብሩ ሳምንት ጸሎት ላይ ተናግረውታል፣ የሐዘን ልብስ በወለቀበት ቀን ደግመውታል፣ ዘመድ በተሰበሰበበት ሁሉ አንድ ቃል ሳይለውጡ ይሉታል። «ማሎሜ»፣ የእናቴ ወንድም፣ እያለች የምትጠራቸው የእህታቸው ልጅ ባዲሳ የምታውቀው ደግሞ ሌላ ነው። የዚያን ዕለት ፒክአፑ ግቢ ውስጥ አልነበረም። ማሎሜ ራሳቸው ይዘውት ወጥተው፣ ከመንደሩ ማዶ ለሞቱ አንድ ሽማግሌ ቀብር ምግብ ማብሰያ የሚሆን እንጨት ሊጭኑ ዱር ገብተው ነበር። እናቷ ከጠዋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ደጃፍ ላይ ተቀምጣ መንገድ መንገዱን ስታይ ነው የሞተችው። ይህንን የነገረቻት አጥር የምትጋራቸው ጎረቤት ናት፤ እሷም የነገረቻት በጆሮዋ ነው፣ የቀብሩ ዕለት፣ ድስት እያጠቡ።

ከሁለቱ አንዱ ውሸት መሆን አለበት። ግን አጎትና የእህት ልጅ አንድ ዓመት ከአራት ወር ሙሉ፣ ስንት ጊዜ አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው፣ ነገሩን አንስተውት አያውቁም። ማሎሜ ይናገሩታል፤ ባዲሳ መሬት መሬት ታያለች። ፒክአፑ የባዲሳ ነበር። የእናቷ ልብ መድከም ሲጀምር፣ ድንገት ሐኪም ቤት መሄድ ቢያስፈልግ ብላ ከሥራዋ ነጥቃ መንደር የተወችው እሷ ነች፤ ቁልፉንም ማሎሜ እጅ ያኖረችው እሷው። ቀብሩ ካለፈ በኋላ አንድ ወር ሳይሞላ ለአሮጌ ብረት ገዢ ሸጠችው። ማሎሜ ለምን ብለው አልጠየቁም። ከዚያ ወዲህ ግን «የባዲሳ መኪና» ማለት ትተው «ያ መኪና» ነው የሚሉት።

አርብ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ባዲሳ ጋቦሮኔ አውቶቡስ ጣቢያ ቆማ አጎቷን ትጠብቃለች። የነሐሴ ደረቅ ነፋስ የፕላስቲክ ከረጢቱንም አቧራውንም አንድ ላይ ያንሳፍፋል። ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ጀምሮ ነው የተነሳችው፤ ቦንትሌንግ ሰፈር በተከራየችው ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ሁለት ማጠቢያ ማሽኖች አሉ፣ ግድግዳው ከእንፋሎቱ ብዛት አረንጓዴ ለብሷል፣ አልጋዋ ከተተኮሱ አንሶላዎች ጋር ቦታ ይሻማል። የአራት እንግዳ ማረፊያዎችን አንሶላና ፎጣ አጥባ፣ ተኩሳ፣ አጣጥፋ ትመልሳለች። የምትመልሰው በታክሲ ነው። ሾፌሮቹ እርጥብ ጆንያ ሲያዩ ሂሳብ ይጨምራሉ፣ ወይ አላየንሽም ብለው ያልፋሉ፤ በወሩ መጨረሻ የገቢዋ ሲሶ የታክሲ ነው። ባለፈው ሳምንት አንድ የግል ክሊኒክ ከሰኞ ጀምሮ ሥራውን ሊሰጣት ተስማማ። የክሊኒኩ ኃላፊ ሴትዮ ግን አንድ ነገር ብላታለች፤ «የክሊኒክ አንሶላ በታክሲ አይመጣም። መኪና ይዘሽ ነይ፣ ካልሆነ ሌላ ሰው አለ።»

መኪና መግዛት የማይታሰብ ነው። ሞጎዲትሻኔ መንገድ ላይ ለነጋዴዎች በሊዝ የሚያከራይ ድርጅት አለ፤ በወር ትከፍላለህ፣ ጥገናውም ኢንሹራንሱም በነሱ ነው፣ ሦስት ዓመት ሲሞላ ትመልሳለህ። ባዲሳ ሂሳቧን በደንብ ሠርታለች። በወር አራት ሺህ ሁለት መቶ ፑላ ትችላለች። አራት ሺህ ሦስት መቶ አትችልም። የቀራት አንድ ነገር ነበር፤ ድርጅቱ ዋስ ይፈልጋል፣ በስሙ ቤት ያለው ወይም ጡረታ የሚቆረጥለት ሰው። በዘመዶቿ ውስጥ ሁለቱንም የያዘ አንድ ሰው ነው ያለው፤ ሃያ ስድስት ዓመት ደቡብ አፍሪካ ወርቅ ማዕድን ውስጥ ሠርተው የተመለሱት የእናቷ ወንድም። ስትደውልላቸው «ኋላው ክፍት የሆነ ከሆነ እፈርማለሁ» አሏት።

ማሎሜ ከአውቶቡሱ የወረዱት ግራጫ ኮታቸውን ለብሰው፣ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ነው። በሌላው እጃቸው የተቋጠረ ፌስታል አለ፤ ቋንጣና በጠርሙስ የረጋ ወተት። እሷን ከላይ እስከ ታች አዩዋትና

«ከስተሻል» አሉ።

«አልከሳሁም ማሎሜ። አንሶላ ነው የምሸከመው።»

«አንሶላ ሰው ያከሳል?»

«እርጥቡ።»

ሳቁ። እሷም ሳቀች። ኮምቢ የሚሉትን ሚኒባስ ተሳፍረው ጎን ለጎን ተቀመጡ፤ ከዚያ በኋላ እስኪወርዱ ድረስ ያወሩት ስለ ዝናብ ነው። መንደር ውስጥ ከሚያዝያ ወዲህ ጠብ አላለም፣ የከብት ማቆያው ጉድጓድ ውኃ ቀንሷል፣ የእናቷ ግቢ አጥር በስተምሥራቅ ወድቋል፣ ማሎሜ ሽቦ ገዝተው ሊያቆሙት አስበዋል። ባዲሳ «እሺ፣ እግዜር ይስጥልኝ» አለች። የእናቷ ስም ሲነሳ ሁለቱም በየፊናቸው ወደ መስኮት ዞሩ፤ እሳቸው የያዙት በመተላለፊያው በኩል ስለሆነ መስኮት አልነበራቸውም፣ የሾፌሩን ጀርባ ነው ያዩት።

የድርጅቱ ቢሮ ከመኪና መደዳ ኋላ ያለች የመስታወት ቤት ናት። ውስጧ ሦስት ወንበር፣ ውኃው ያለቀ የውኃ ማቀዝቀዣ፣ ያለፈው ዓመት የቀን መቁጠሪያ። የተቀበላቸው ሻጭ ታፔሎ ይባላል፤ ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው፣ ጫማው ጠቦት እያነከሰ የሚራመድ፣ ወንዱን «ርራ»፣ ሴቷን «ምማ» እያለ በአክብሮት ሰላምታውን የማያቋርጥ ልጅ። «ዱሜላ ርራ፣ ዱሜላ ምማ፣ እንዴት አደራችሁ፣ መንገድ እንዴት ነበር፣ ከየት ነው?» ማሎሜ ከየት እንደመጡ፣ ማን እንደወለዳቸው፣ ከየትኛው ዘር እንደሆኑ ነገሩት፤ እሱም የራሱን ነገራቸው፤ ይህ ሳይሆን ስለ መኪና አይወራም። ባዲሳ ቆማ ሰዓቷን አየች። ከአራት ሰዓት ተኩል በፊት ወረቀቱ ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት ካልተላከ ዛሬ አያልቅም፤ ዛሬ ካላለቀ ሰኞ የለም።

በእሷ አቅም ዙሪያ ያሉት ሁለት ናቸው። አንዷ ነጭ፣ ትንሽ፣ ከሾፌሩና ከአንድ ሰው በላይ የማትይዝ፣ ኋላዋ እንደ ሳጥን የተዘጋ፤ በወር ሦስት ሺህ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ። ሌላው ብርማ ፒክአፕ፣ ባለ አንድ ጋቢና፣ አንድ ሰው ሁለት ዓመት ይዞት የመለሰው፤ በወር አራት ሺህ ስምንት መቶ። ማሎሜ ወደ ነጯ ዞር ብለውም አላዩ። ፒክአፑን ዞሩት፣ ጎማውን በጫማቸው መቱት፣ የኋላ ስፖንዳውን አወረዱና እጃቸውን ዘርግተው ወለሉን ለኩት፤ ከዚያ እንደገና ለኩት።

«ይገባል» አሉ።

«ምኑ፣ ርራ?» አለ ታፔሎ።

«ሳጥኑ ነዋ።»

«የምን ሳጥን?»

«የሬሳ! አንተ ልጅ፣ የት ነው ያደግከው?»

«ሴሮዌ ነው ርራ፤ እዚያም ይሞታል።» ታፔሎ ሳቀና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እንደ ልጅዎ ልንገርዎት? እኔ የምነዳት ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ ናት፣ ኋላዋ የጎማ ማስቀመጫ እንኳ የላትም። አስቤበት ነው። ዘመዶቼ ሲደውሉ ‹ታፔሎ፣ መኪናህ› ይላሉ፣ ‹ኑ፣ እዩዋት› እላቸዋለሁ። አይተው ይሄዳሉ።»

«ስስታም ነህ ማለት ነዋ።»

«ስስታም ነኝ ርራ። ግን ደመወዜ ወር ይደርሳል።»

ማሎሜ ሊስቁ ፈልገው ተዉት። ባዲሳ ነጯን መኪና ኋላ በሯን ከፍታ ራሷን አስገባች። አዲስ ፕላስቲክ ሸተታት። በሩን ብትዘጋው አቧራ አይገባም፤ ግራና ቀኝ መደርደሪያ ቢገጠም ንጹሑ በቀኝ፣ የቆሸሸው በግራ። ፒክአፑ ቢሆን ግን ሸራ ያስፈልገዋል፣ ሸራው ብቻውን ሁለት ሺህ ስድስት መቶ ነው፣ ያም ሆኖ የነሐሴን አቧራ የሚያቆም ሸራ የለም። ይህንን ሁሉ ታውቃለች። ቢሆንም ከመኪናዋ ውስጥ ራሷን ስታወጣ፣ ሽማግሌው ፒክአፑ ስፖንዳ ላይ ተደግፈው፣ ባርኔጣቸውን አድርገው፣ ፊታቸው ላይ የሆነ የቆየ ደስታ አርፎ ስታይ ልቧ ፈራ። እናቷ በሕይወት ሳለች ቅዳሜ ንጋት ላይ እንዲህ ሆነው ነው የሚቆሙት፤ ለቀብር ሊወጡ ሲሉ፣ ሰው እስኪሳፈር ሲጠብቁ።

«ይቺ የዳቦ ሳጥን ናት» አሉ፣ በአገጫቸው ወደ ነጯ እያመለከቱ። «መኪና አይደለችም።»

«ማሎሜ፣ ፒክአፑ ከአቅሜ በላይ ነው።»

«ስድስት መቶ ነው የሚበልጥሽ። ስድስት መቶውን እኔ እሰጥሻለሁ። ከጡረታዬ።»

ታፔሎ ውስጥ ገብተው ወረቀቱን እንዲያዩ ጋበዛቸው። ማሎሜ መነጽራቸውን አውጥተው እያንዳንዱን መስመር በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ፤ አንድ ገጽ አሥር ደቂቃ ወሰደባቸው፤ ማንም አላቻኮላቸውም። ሦስተኛው ገጽ ላይ ጣታቸው ቆመ። መኪናው በወር ከአንድ ሺህ አምስት መቶ ኪሎሜትር በላይ ቢሄድ ለእያንዳንዱ ትርፍ ኪሎሜትር ሁለት ፑላ ከሃያ ይከፈላል። ባዲሳ ቀድማ አስልታዋለች፤ ክሊኒኩ፣ ማረፊያዎቹ፣ ሳሙና መግዣው፣ ሁሉም ሲደመር ሺህ ሁለት መቶ ሃምሳ።

«ሁለት መቶ ሃምሳ ይተርፋል» አሉ ማሎሜ።

«መንደር ደርሶ መልስ ሁለት መቶ ሠላሳ ነው።»

«እንግዲህ» አለ ታፔሎ፣ ነገሩን ሊያቀል ብሎ፣ «በወር አንድ ቀብር ማለት ነዋ።»

ማሎሜ መነጽራቸውን አወለቁ። «እና ሁለተኛውን ሰውዬ ምን እንበለው? የዚህ ወር ተሞልቷል፣ እስከሚቀጥለው ወር ቆይ?»

ታፔሎ ሳቀ፤ ብቻውን ነበር የሳቀው። ከዚያ ሌላ መስመር ላይ ደረሱ፤ በመኪናው ከብት፣ የማገዶ እንጨትና አስከሬን መጫን የተከለከለ ነው። ማሎሜ ሁለት ጊዜ አነበቡት። ታፔሎ ሊያጽናናቸው ሞከረ። «ያው ወረቀት ነው ርራ። እኔ የጻፍኩት አይደለም። ግን መከታተያ ተገጥሞለታል፣ የት እንደዋለ እዚህ ቁጭ ብለው ያዩታል። እንጨት መሆኑን ላያዩ ይችላሉ። ዱር መግባቱን ግን ያያሉ።»

«እኔ» አሉ ማሎሜ ለባዲሳ፣ «ለሙታን ጀርባውን ለሚሰጥ መኪና ስሜን አላኖርም። ይህን በስልክ ነግሬሻለሁ።»

ታፔሎ ሁለቱንም አየና፣ ለማንኛውም የእሷን የገቢ ማስረጃና የሽማግሌውን የጡረታ ደብተር ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት ልላክ፣ መልሱ እስኪመጣ ሂዱና ቅመሱ፤ የመኪናው ዓይነትና የዋሱ ፊርማ ከምሳ በኋላ ይደርሳል አለ።

ከመንገዱ ማዶ በቆርቆሮ ጥላ ሥር አንዲት ሴት ምግብ ትሸጣለች። ሁለት ሳህን ገንፎና የተቀጠቀጠ የበሬ ሥጋ፣ ሰባ ፑላ። ባዲሳ ከፈለች። ሥጋው በጨውና በውኃ ብቻ ተቀቅሎ በእንጨት ዘነዘና የሚቀጠቀጠው ነው፤ ለቀብር የሚሠራው፣ ወንዶቹ ሌሊቱን ሙሉ በትልቅ ብረት ድስት የሚያበስሉት። ማሎሜ አንዴ ቀመሱና «በማሽን ነው የፈጨችው» አሉ። ከዚያ በኋላ ግን ሳህናቸውን አጸዱ። ባዲሳ ሥጋውን ከገንፎው ለይታ ሳህኑ ዳር ላይ እየደረደረች ነበር። ከፊት ለፊታቸው የጭነት መኪናዎች ሲያልፉ አግዳሚው ይንቀጠቀጣል። ሳታስበው ከአፏ ወጣ።

«ያ መኪና የዚያን ዕለት የት ነበር?»

ማሎሜ ማንኪያቸውን ሳህኑ ላይ አስቀመጡ። መንገዱን ተመለከቱ። ባዲሳ «ባትሪው» እስኪሉ ጠበቀች።

«እንጨት ጭኜበት ነበር» አሉ።

ከዚያ የቀረውን አንዱን ከአንዱ እያስከተሉ፣ ድምፃቸውን ሳያነሱም ሳይጥሉም ነገሯት። የሟቹ ልጆች ጠዋት መጥተው መኪና ለመኑ። ማሎሜ አይሆንም ነበር ያሏቸው፤ መኪናው ለእህቴ ነው የቆመው፣ ልጇ አደራ ብላኛለች። እናቷ ይህን ከቤት ሆና ሰማች፤ ነጠላ ጫማዋን እንኳ ሳታደርግ ወጣች። «የሞተ ሰው ቤት እሳት ጠፍቶ፣ የኔ ግቢ መኪና ቆሞ አይታይም። ሂድ» አለቻቸው። እጇ ደረቷ ላይ ነበር። ምን ሆነሽ ነው ቢሏት፣ ትናንት የበላሁት ባቄላ ነው አለች። «ባቄላ ነው ስትለኝ አመንኳት» አሉ ማሎሜ። «ባቄላ እንዳልሆነ እያወቅሁ አመንኳት። እንቢ ብዬ ሰው ከሚያየኝ፣ እሷን ማመን ቀለለኝ።» ስትሸኛቸውም አንድ ነገር አደራ ብላለች፤ ለባዲሳ እንዳትነግራት፣ መኪናዋን ለኔ ብላ ነው የተወችው፣ ትቆጣናለች።

«ጎረቤቷ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነው ያለችኝ» አለች ባዲሳ። ድምፅዋ የሌላ ሰው ሆነባት። «ዱሩ አንድ ሰዓት አይፈጅም።»

«ስድስት ሰዓት ላይ ጭኜ ጨርሻለሁ። ሰባት ሰዓት ላይ ለቅሶ ቤቱ ደርሻለሁ፤ እንጨቱን አውርደን ደረደርነው።» ባርኔጣቸውን ከጉልበታቸው አንስተው አግዳሚው ላይ አኖሩት። «ሻይ አመጡልኝ። እንጨት ያመጣ ሰው ሻይ ሳይጠጣ አይሄድም፤ ሄደ ማለት ቅር ብሎት ነው፣ ወይ ከሟቹ ጋር ነገር ነበረው ማለት ነው። ታውቂዋለሽ። ሻዩ እስኪፈላ ጠበቅሁ። ኮቴ ጋቢና ውስጥ ነበር፣ ስልኩም ኮቴ ውስጥ። ኋላ ስቆጥረው አሥራ አራት ጊዜ ተደውሏል። እኔ ሻይ እየጠጣሁ ነበር፣ ባዲሳ። ሁለተኛም ቀዱልኝ፤ ጠጣሁት። ይህን ለሰው እንዴት ብዬ ነው የምናገረው? ባትሪው ሞተ አልኩ።»

ሴትዮዋ መጥታ ሳህኖቹን አነሳች፤ የባዲሳን ሥጋ አይታ «አልጣመሽም እንዴ እህቴ?» አለች። «ጥሞኛል» አለች ባዲሳ። ብዙ ነገር ልትናገር አሰበች። አንድ ዓመት ከአራት ወር ያጠራቀመችው ቃል ነበራት፤ ለሐሰተኛ ሰው፣ ለአደራ በላ ተብሎ የተዘጋጀ። አሁን ከፊት ለፊቷ የተቀመጠው ሰውዬ ለዚያ ቃል የሚሆን አልነበረም። ለእናቷ ደግሞ የሚሆን ቃል አልነበራትም። በሐሳቧ አየቻት፤ ባዶ እግሯን፣ እጇ ደረቷ ላይ፣ የሌላውን ሙት ስታስቀድም። እናቷ እንዲህ መሆኗን ድሮም ታውቃለች። የማታውቀው እንዲህ ሆና መሞቷን ነው።

«እሷ ስትሞት ስንት መኪና እንደመጣ አይተሻል» አሉ ማሎሜ፤ ራሳቸውን ለመከላከል ያሉት አይመስልም። «አሥራ አንድ። የእንጨቱ ክምር ከአጥሩ በልጦ ነበር። የዚያ የሽማግሌው ልጆች ቀብራቸው ቅዳሜ ጠዋት አልቆ፣ ከሰዓት በኋላ የኛን እንጨት አመጡ። የሐዘን ልብሳቸውን እንደለበሱ። እንዲህ ነው የሚሆነው፤ ሰው ለብቻው አይቀበርም።»

ባዲሳ አስታወሰችው። በተከታዩ ቅዳሜ ንጋት ላይ አሥራ አንድ ፒክአፕ፣ መብራታቸውን እያበሩና እያጠፉ፣ በእናቷ ሳጥን ኋላ ቀስ ብለው ሲሄዱ። የዚያን ቀን በእግሯ ያቆማት እሱ ነበር። ተቃቅፈው የተሳፈሩት ሰዎች ዝማሬ በነፋሱ ሲመጣ፣ በዓለም ላይ ብቻዋን አለመሆኗን ያመነችው ያን ጊዜ ነው። ውሸት አልነበረም። ለአጎቷ ውኃ ገዝታ ጠርሙሱን ከፍታ ሰጠቻቸው። ጠጡና መለሱላት። የቀረውን እሷ ጠጣችው። መንገዱን ሲሻገሩ መኪና በዝቶ ነበርና ማሎሜ ክንዷን ያዙ፤ እስከ ቢሮው ድረስ አልለቀቁትም።

ታፔሎ ፈገግ ብሎ ጠበቃቸው። መልሱ መጥቷል፤ እስከ አምስት ሺህ ፑላ ድረስ ፈቅደውላታል፣ የፈለገችውን መውሰድ ትችላለች፣ ዋሱ ከፈረመ። ይህን ሲል ሽማግሌውን ሰረቅ አድርጎ አየ። ወረቀቶቹን ጠረጴዛው ላይ ደረደረ፤ የእሷ በግራ፣ የዋሱ በቀኝ። መጀመሪያ የመኪናው ዓይነት እንደሚሞላ፣ ከዚያ የሹፌሮች ስም፣ ከዚያ ፊርማ እንደሚመጣ ማስረዳት ጀመረ። ማሎሜ እስክሪብቶውን ከፊቱ አነሱት። መነጽራቸውን አደረጉ፣ የዋሱን ወረቀት ወደ ራሳቸው ሳቡ።

«ርራ፣ የመኪናው መስመር ገና ባዶ ነው። እሱ ይቅደምና—»

«አይቻለሁ። ማንበብ እችላለሁ።»

ስማቸውን አንድ በአንድ ፊደል እየሣሉ ጻፉ፤ ሌትሾሎ፣ ከዚያ የአባታቸውን፣ ከዚያ የወንዝና የከብት ማቆያቸውን ስም ሊጨምሩ ሲሉ ታፔሎ «ይበቃል፣ ርራ» አላቸው። ፈረሙ። ሦስቱም ገጽ ላይ ፈረሙ። ከዚያ እስክሪብቶውን በባዲሳ በኩል ጠረጴዛው ላይ አኖሩት፣ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። ስድስት መቶውን እሰጣለሁ ያሉትንም አልደገሙት፣ ወደ ውጭም፣ ወደ ብርማው ፒክአፕም አልተመለከቱ። ባዲሳ በሕይወቷ ያን ያህል ከባድ ስጦታ የሰጣት ሰው አልነበረም። ቢቆጧት ትችለው ነበር። ቢለምኗት፣ ለመኑኝ ብላ ለመሸሽ ምክንያት ታገኝ ነበር። አሁን ግን የሚሆነው ሁሉ በእሷ ብቻ የሚሆን ነው፤ ፒክአፑን ብትወስድ ስድስት መቶው ከሽማግሌው ጡረታ በየወሩ እየተቆረጠ፣ አርብ አርብ ስልኳ እየጮኸ፣ አንድ ቀን እሷም እንደ እናቷ በር ላይ ቆማ «ሂድ» ትላለች፤ እንደምትል ታውቃለች፣ የእናቷ ልጅ ነች። ነጯን ብትወስድ መንደሩ አንድ ዓመት ያወራዋል፣ ከዚያ ማውራት ይተዋል፣ ከዚያ መደወልም ይተዋል።

«ምማ፣ የቱን ልጻፍ?» አለ ታፔሎ። «ሁለተኛ ሹፌር ካለም ስሙን ንገሪኝ። የማሎሜን ላድርገው?»

ማሎሜ ቀና አሉ። ባዲሳ መልሱን ለታፔሎ ልትሰጥ አፏን ከፍታ ነበር፤ መልሱ የሚገባው ለእሱ እንዳልሆነ ገባት፤ ወንበሯን ወደ አጎቷ አዞረች፣ ዓይናቸውን አየች።

«ማሎሜ፣ ትንሿን ነው የምወስደው። ሁለተኛ ሹፌር የላትም፤ የምነዳት እኔ ብቻ ነኝ። ለማንም ቀብር እንጨት አትጭንም፤ ለራሴም ቢሆን።»